ተተኪ አልተገኘም

በላይነህ የሞተው ሊፈተን በተቀጠረበት ዕለት ነው። ቀኑ ማክሰኞ፣ ወሩ ጥር፣ ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስድስት ነበር። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የወፍጮ ቤቱ ጣሊያናዊ መካኒክ ሙሴ ጂኖ ኮፍያውን ጥሎ፣ ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳያስር፣ የንፋስ መውጫን ነፋስ እየሰነጠቀ ፖሊስ ጣቢያ ደረሰ።

«አስረው ገደሉት! በላይነህን አስረው ገደሉት!» አለ በሩ ላይ ቆሞ።

ሃምሳ አለቃ ደምሌ የያዘውን ቆሎ ወደ ኪሱ መለሰና ተነሣ። ደምሌ በልጅነቱ ከጋይንቷ ቤተ ልሔም ድጓ ሊማር ገብቶ፣ ስድስት ዓመት ቁራሽ ለምኖ ከተማረ በኋላ ድምፁ ከድቶት ፖሊስ የሆነ ሰው ነው። ድምፁ ቢከዳውም ጆሮውና ዓይኑ አልከዱትም። የአገሩ ሰው «ደምሌ ዝም ብሎ ሲያይህ የንስሐ አባትህ ሹክ ያሉት ይመስልሃል» እያለ ያማዋል።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ከሥሩ መንገር ይሻላል። ወፍጮው የፊታውራሪ ወልደ ገብርኤል ነው። ጂኖ ከጦርነቱ በኋላ ወደ አገሩ ሳይመለስ ከቀሩት ጣሊያኖች አንዱ ሲሆን፣ የውጭ አገር ሰው ደግሞ አሠሪ ዋስ ካልሆነው በቀር ሠርቶ መኖር አይፈቀድለትም ነበር። ስለዚህ ፊታውራሪ በየዓመቱ አንድ ደብዳቤ ይፈርማሉ። «ይህን ሥራ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ባለመገኘቱ፣ ሙሴ ጂኖን በኃላፊነቴ አሠራለሁ» ይላል ደብዳቤው። በዚያች ዓረፍተ ነገር ጂኖ ስምንት ዓመት ኖረ፤ በእርሷ ተከልሎ የበላይነህን እህት ታደለችን አገባ፣ ዓለምጸሐይ የምትባል ሴት ልጅ ወለደ። ልጅቱ አሁን ስድስት ዓመቷ ነው።

ዘንድሮ ግን አቶ ካሣሁን የሚባል ፈታኝ ከአዲስ አበባ መጣ። ማክሰኞ በሦስት ሰዓት የጂኖ ረዳት በላይነህ ሞተሩን ፈትቶ ገጥሞ፣ አስነሥቶ ያሳያል። ካለፈ፣ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ተገኘ ማለት ነው። የፊታውራሪ ዋስትና ይወድቅና ጂኖ በሠላሳ ቀን ውስጥ አገር ይለቃል። የሚሰጠው የጉዞ ወረቀት የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ታደለችም ብትሆን ዓይነ ስውር እናቷን ጥላ የትም አትሄድም። ይህን ሁሉ ንፋስ መውጫ ያውቃል። በላይነህ ሞተ ሲባል ጣት ወደ ማን እንደተቀሰረ መናገር አያስፈልግም።

ደምሌ ወፍጮ ቤት ሲደርስ ሚዛን ሠራተኛው ፈንታ በሩን በጀርባው ዘግቶ ቆሞ አገኘው።

«ማን ነካው?»

«ማንም። ሙሴ ጮሆ ሲወጣ ገባሁና ጆንያ ጣል አደረግሁበት። ደግሜ ለማየት ሆዴ አልቻለም፣ ሃምሳ አለቃ።»

ደምሌ ሊገባ ሲል ደፍ ላይ ቆመ። ድንጋዩ ላይ ገና ያልደረቀ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ልጋግ የመሰለ ነገር ፈስሷል። በጣቱ ነካና አሸተተው። ከዚያ ረግጦ እንዳያጠፋው ተራምዶት ገባ።

በላይነህ ከሞተሩ አጠገብ ባዶ ጆንያዎች ላይ በጀርባው ተኝቷል። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ፣ ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመቷ፣ ልጅ የለውም። ጥግ ላይ አስመልሷል። ፊቱ ሲሰቃይ እንዳደረ ይናገራል፤ ዓይኖቹ ግን ተከድነዋል፣ እጆቹም ደረቱ ላይ ተጋጥመዋል። አውራ ጣቶቹ በሰማያዊ ክር አንድ ላይ ታስረዋል። የገዛ ማተቡ አንገቱ ላይ አለ። ደምሌ ጎንበስ ብሎ ክሩን አሸተተ፤ ቅቤ ቅቤ ይላል። እጆቹ እስከ አንጓቸው የሞተር ግራሶ ናቸው። ከንፈሩን ገለጥ ሲያደርግ ጥርሶቹ መሐል ኑግ ጠቁሮ ተሰግስጓል። ከናፍጣው በርሜል ጀርባ ደግሞ አንዲት ትንሽ ቅል ተወሽቃለች፤ ከታች ቀይ አተላ ቀርቷታል።

ሞተሩ አንዲት የዘይት ጠብታ ሳትቀርበት ተወልውሏል። ደምሌ እርሱን ሲያይ ልቡ ተነካ። ሰውዬው ሊሞት ሌሊቱን ሲያጣጥር እንኳ መጨረሻ የሠራው ሥራ ይህ ነው።

«በላይነህና ሙሴ ተጣልተው ያውቃሉ?» አለው ፈንታን።

«እንዴ! አንዱ ሳይበላ አንዱ አይበላም። ሰው የሚያወራውን ትተው ሞተሩን ይጠይቁት። ሙሴ ሲያስነሣው ሦስት ጊዜ ይስላል። በላይነህ ሲያስነሣው አንድ ጊዜ ነው እሚይዝ። እኛ ከሚዛኑ ሆነን ማን እንዳስነሣው በድምፁ እንለይ ነበር።»

«ፈተናውን ያልፍ ነበር ማለት ነው?»

ፈንታ በእንባው መሐል ሳቅ አመለጠው። «ያልፍ ነበር ወይ ይባላል? አምና ሙሴን ተስቦ ሁለት ወር ሲጥለው ማን የፈጨ ይመስልዎታል?»

ጂኖ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሁለት እጁን ያያል። አማርኛው ጥሩ ነው፤ አክብሮት ግን አያውቅም፤ ፊታውራሪንም ጳጳሱንም «አንተ» ይላል፣ ማንም አይቀየመውም።

«ትናንት መቼ ተለያያችሁ?»

«አሥራ አንድ ሰዓት። በላይነህ፣ አንተ ሂድ፣ እኔ ለነገ ሞተሩን አጸዳለሁ፣ እዚሁ አድራለሁ አለኝ።»

«ታሞ ነበር?»

«አይ። ምሳ ብቻ አልበላም። ና ብላ ብለው፣ ሆዴ ሞልቷል አለኝ። ውሸቱን ነው። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልበላም።»

«ጣቶቹን ማን አሰራቸው ትላለህ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! የገደለው ነዋ! እንዳይታገለው አሰረው!»

ደምሌ ዝም ብሎ አየው። «በላይነህ ቢያልፍ ግን ከአገር ትወጣ ነበር፣ ሙሴ።»

«አውቃለሁ።» ጂኖ ራሱን አነሣ። ዓይኑ ቀልቷል። «ዛሬ ይህ ሁሉ ሰው እንዲህ ሲያየኝ፣ ፈረንጅ መሆኔ ትዝ አለኝ። ስምንት ዓመት ረስቼው ነበር።»

ፊታውራሪ ወልደ ገብርኤል ደምሌን የተቀበሉት ከግቢያቸው ዛፍ ሥር ነው። ስድሳ አልፏቸዋል። የብር መስቀላቸው ከማተባቸው ላይ ይታያል።

«ደብዳቤው ላይ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም ብለው ፈርመዋል፣ ፊታውራሪ።»

«ፈርሜያለሁ።»

«አምና በላይነህ ብቻውን ሁለት ወር ፈጭቷል።»

ሽማግሌው ጭራቸውን ካንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ታዲያ ምን ላድርግ? የሚያውቅ አለ ብዬ ያችን ሕፃን አባት ላሳጣት? ዋስ የሚሆኑት ለዚህ አይደለም።»

«ጋይንት ውስጥ ፈረንጅ ያሳደሩ ባላባት እርስዎ ብቻ ነዎት ሲባልም ሰምቻለሁ።»

«እሱም አለበት» አሉ፣ ሳይደብቁ። «ሰው ነኝ።»

«በላይነህ ቢያልፍ ውሸትዎ ይገለጥ ነበር።»

«ይገለጥ ነበር። ልጄ ደምሌ፣ ስንት መኳንንት ሲዋሽ አይቻለሁ፤ በውሸቱ የታሠረ ግን አላየሁም። ለዚያ ብዬ ሰው አልገድልም።» ከዚያ መስቀላቸውን ጨበጡ። «ያን ልጅ ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ እኮ።»

ከፊታውራሪ ግቢ ወደ ልቅሶው ቤት አቀና። ታደለች በሴቶች መሐል ቆማ ሙሾ ታወርዳለች። ወገቧን ታጥቃለች፣ በቀኝ እጇም ደረቷን ትደቃለች። ግራ እጇ ግን ነጠላዋን ጉሮሮዋ ላይ ጨምድዶ ይዟል። ደምሌ ትንፋሿን እስክትሰበስብ ጠበቀና ወደ ጥግ ጠራት።

«ትናንት ወንድምሽን አይተሽዋል?»

«ማታ... ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እራት ወስጄለት ነበር። አልበላም አለኝ።»

«ምንም?»

«ምንም» አለች መሬት መሬት እያየች።

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«ቤት ነበርኩ። ሙሴ ሲጮህ ነው የሰማሁ።»

ደምሌ ወደ እናቷ ወደ እማሆይ ላቀች ዞረ። ዓይነ ስውሯ አሮጊት መደብ ላይ ተቀምጠው ያለ ድምፅ ያለቅሳሉ። ዓለምጸሐይ ጭናቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷታል።

«እግዚአብሔር ያጽናዎ፣ እማሆይ። ሌሊቱን ምንም አልሰሙም?»

«ምን እሰማለሁ ልጄ። ታደለች ገና ሳይነጋ አብሽ ስትመታ ሰማሁ። ለኔ መስሎኝ ስጠብቅ ይዛው ወጣች።»

ደምሌ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። እናት ሳታውቅ ልጇን አሳልፋ ስትሰጥ ማየት ለእርሱም ከበደው።

ከዚያ ወደ ገበያው ሄዶ መድኃኒት ከምትሸጠው ከማሚቴ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ማሚቴ ኮሶውን፣ እንቆቆውን፣ መተሬውን፣ የሆድ ትል የሚባለውን ሁሉ የሚያወርደውን በትናንሽ ቋጠሮ ደርድራ ትሸጣለች።

«በላይነህ ቅዳሜ ካንቺ ኮሶ ገዝቶ ነበር?»

«ነፍሱን ይማር፣ ገዝቷል። እንዲያውም ተቆጥቼዋለሁ። አንተ፣ ለገና ብለህ ጠጥተህ የለ? ገና ሦስት ሳምንት ቢሆንህ ነው፣ ኮሶ በሁለት ወር ነው እንጂ እንዲህ ይደጋገማል? ብለው፣ ሳቅ ብሎ ሄደ።»

«ከዚያ ቤት ሌላ ሰው ካንቺ ምን ገዛ?»

ማሚቴ ጎንበስ ብላ ነገረችው። ደምሌ ቆሎ ማኘኩን አቆመ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁሉንም ወፍጮ ቤት ሰበሰባቸው። አስከሬኑ ለቀብር ወደ ቤት ተወስዷል። ፊታውራሪ ጆንያ ላይ ተቀመጡ፤ ጂኖ ሞተሩን ተደግፎ ቆመ፤ ታደለች በሩ አጠገብ ነጠላዋን እንደያዘች ናት። ማሚቴና ፈንታም አሉ። ፈታኙ አቶ ካሣሁን፣ ከሠላሳ ዓመት ያልዘለለ ባለመነጽር ሰው፣ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፏል።

«እኔ የምጽፈው የሞተው ሰው ተተኪ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ብቻ ነው» አለ ካሣሁን። «ሙሴ ገድሎት ከሆነ ግን ዋስትናውም ፈቃዱም ዛሬ ያበቃል።»

«ቆይ ጌታው፣ አይቸኩሉ» አለ ደምሌ። «ሙሴ እጁን አስረው ገደሉት ብሎ መጣ። መታሰሩ እውነት ነው። ነገር ግን ሊገድል የሚያስር ሰው አንጓ ላይ ነው የሚያስር። አውራ ጣትን ካውራ ጣት ጋር የሚያስር፣ ዓይን የሚከድን፣ ገናዥ ነው። ሥርዓቱን ሙሴ አያውቀውም፤ ቢያውቀው ኖሮ ግንዘት አይቶ አሰሩት ብሎ አይጮህም ነበር። ስለዚህ ከሙሴ በፊት አንድ የኛ ሰው ገብቶ፣ በላይነህን ሞቶ አግኝቶ፣ አልቅሶ፣ እንደ ወግ አድርጎለት ወጥቷል። ሳይጮህ ነው የወጣው።»

ፈንታ «እኔ አይደለሁም» አለ ቶሎ።

«አንተ አይደለህም። የታሰረበት ክር ማተብ ነው። የበላይነህ ማተብ አንገቱ ላይ አለ፣ ያንተም የፊታውራሪም እንዳለ ነው። ይህኛው ቅቤ ይሸታል፤ ከተቀባ ጠጉር ሥር የኖረ የሴት ማተብ ነው። ሌላ ማሰሪያ ሲጠፋ ከአንገት ተፈትቶ የታሰረ ነው። አጭር ስለሆነ ለእግሩ አልደረሰም።» ደምሌ ወደ ታደለች ሳይዞር ቀጠለ። «ወንድሟ የሞተባት ሴት ደረቷን በሁለት እጇ ትደቃለች። አንድ እጇን ለአንገቷ መሸፈኛ የምታደርግ የምትደብቀው ነገር ቢኖራት ነው።»

ታደለች እጇን ለቀቀች። ነጠላው ተንሸራቶ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። አንገቷ ባዶ ነበር።

«ታደለች?» አለ ጂኖ። «አንቺ አየሽው? ቀድመሽ?»

«ቀድማ አይታዋለች» አለ ደምሌ። «ይኸው ደፉ ላይ የፈሰሰው አብሽ ነው። አብሽ ሆዱን ለታመመ ሰው ይመታል። በላይነህ ትናንት ማታ ደኅና ነበር፤ መታመሙን ሌሊቱን ማንም አላወቀም። ታዲያ ገና ሳይነጋ አብሽ መትቶ ይዞለት የመጣ ሰው፣ ሆዱን እንደሚያመው ከየት አወቀ?»

ውጭ ነፋሱ የቆርቆሮውን ጣሪያ ያንኳኳል።

«ጥርሱ ውስጥ ኑግ አለ። እጁ ግን ግራሶ በግራሶ ነው፣ አልታጠበም። እጁን ሳይታጠብ የሚበላ የጋይንት ሰው አላውቅም። በእጁ ካልበላ ሰው አጉርሶታል። ሚስት የለውም፣ እናቱ ከመደብ አይወርዱም። የምታጎርሰው አንዲት እህቱ ናት። ማሚቴ፣ ቅዳሜ ታደለች ካንቺ ምን ገዛች?»

«መተሬ» አለች ማሚቴ በቀስታ። «ለእማሆይ ነው ብላኝ። ከኑግ ጋር ወቅጠሽ አድበልብይው፣ አያስታውቅም ያልኳትም እኔው ነኝ። እመቤቴ ማርያም ምስክሬ ናት፣ እኔ ምን አውቃለሁ!»

ፊታውራሪ ተነሡ። «መርዝ አበላሽው? የናትሽን ልጅ?»

«መርዝ አይደለም!» ታደለች ጮኸች። «መተሬ ነው! ሁላችንም ስንበላው ያደግን! አንድ ቀን ብቻ ሆዱን ቢያመው፣ ለፈተናው መቆም ቢያቅተው፣ ሰውዬው ሄዶ ለዓመቱ ቢመለስ ብዬ ነው። አንድ ዓመት! ለልጄ አንድ ዓመት ልግዛላት ብዬ ነው። መተሬ ሰው ገድሎ ያውቃል? ንገሩኝ እስኪ፣ ገድሎ ያውቃል?»

«ብቻውን ቢሆን አይገድልም ነበር» አለ ደምሌ። ከኪሱ ትንሿን ቅል አወጣ። ይህን መናገር የሚጠላው ይመስላል። «በላይነህ ትናንት ምሳ አልበላም። ሙሴ ከሄደ በኋላ እዚያ በርሜል ጀርባ ኮሶ ጠጣ። በሦስት ሳምንቱ። ደግሞም ከሚጠጣበት ልክ አብዝቶ፤ አተላው ይመሰክራል። ኮሶ የጠጣ ሰው በማግሥቱ ቀጥ ብሎ እንደማይቆም ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዓመት ውስጥ ስንት ቀን እያለለት ለፈተናው ዋዜማ ለምን ጠጣ?»

ጂኖ ነው መጀመሪያ የገባው። ሞተሩ ሥር ቁጭ አለ።

«እንዲወድቅ» አለ። «እኔ እንድቀር።»

«አዎ። ሆድ ይፍጀው ብሎ ለማንም ሳይናገር። ፀሐይ ስትጠልቅ እህቱ መጣች። ኮሶ ተጠጥቶ እህል አይቀመስም። ግን ኮሶ ጠጥቻለሁ ቢላት ለምን ብላ ትጠይቀዋለች። ለምን እንደሆነ ደግሞ ሊነግራት አልፈለገም፤ ዕድሜ ልኳን ባለዕዳው እንድትሆን አልፈለገም። ስለዚህ ያጎረሰችውን ዋጠ። ከልክ ያለፈ ኮሶና መተሬ በባዶ ሆድ ተገናኙ። የሚያነሣውም ሰው አጠገቡ አልነበረም።»

ታደለች ግድግዳው ሥር ተቀመጠች። ስትናገር ድምፅዋ ለራሷ የምታወራ ይመስል ነበር።

«አንዱን ጎረሰልኝ። ሁለተኛውን ስሰጠው በቃኝ፣ ተይኝ ታዱዬ አለኝ። አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ልታጣላን ነው? አልኩት። ሳቀና አፉን ከፈተ።»

ፊታውራሪ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ማሚቴ ደረቷን ደቃች። ደምሌ ብዙ ሬሳ አይቷል፣ ብዙ ገዳይም አሥሯል፤ እንዲህ ያለ ቀን ግን አልገጠመውም። አንዱ ላንዱ ብሎ፣ አንዱ ካንዱ ደብቆ። ከሁለቱ አንዳቸው አንዲት ቃል ተንፍሰው ቢሆን ኖሮ በላይነህ ዛሬ ሆዱን ይዞ እየተሳደበ ቤቱ ተኝቶ ይውል ነበር።

«ይህን ፈተና ያመጣብን ማነው?» አለች ታደለች ድንገት ራሷን ቀና አድርጋ። ዓይኗ ካሣሁን ላይ ነበር። «ስምንት ዓመት ማንም ያልጠየቀንን ዘንድሮ ማን ቆሰቆሰው?»

ካሣሁን ቦርሳውን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። አንድ ወረቀት አወጣና መነጽሩን አስተካከለ። ሲያነብ ማንንም አላየም።

«ከንፋስ መውጫ የደረሰን ማመልከቻ ነው። እንዲህ ይላል። ስምንት ዓመት ሙሉ የሚያውቅ የለም ተብሎ ይጻፋል። በላይነህ ያውቃል። ከእኔ ይበልጣል። ይህ ሰው መካኒክ ተብሎ ስሙ እንዲጻፍልኝ እለምናለሁ። ጂኖ።»

«ሙሴ!» አሉ ፊታውራሪ።

ጂኖ ሚስቱን እንጂ ሌላ ሰው አላየም። «አፍሬ ነው» አለ። «በየዓመቱ አንተ ትፈርማለህ፣ ፊታውራሪ፤ በላይነህ ዘይት እየጠረገ ይሰማል። አንድ ቀን እንኳ ዋሻችሁ አላለም። ስሙ ይጻፍለት ብዬ ነው። ሁለታችንም የምንጻፍ መሰለኝ፣ ታደለች። አንድ ሰው ሲጻፍ አንድ ሰው እንደሚሰረዝ ማን ነገረኝ?»

ታደለች ተነሥታ ወደ እርሱ ሄደች። የምትመታው መስሏቸው ፈንታ አንድ እርምጃ ቀረበ። እርሷ ግን አጠገቡ ቁጭ ብላ ራሷን ትከሻው ላይ አሳረፈች፤ ሁለቱም አለቀሱ። ከዚያ በኋላ ሕጉ የሚለው ሌላ ቢሆንም፣ በዚያች ሰዓት እነርሱን ሊለያይ የደፈረ አልነበረም። ደምሌ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«ይህ ሳያስቡ መግደል ነው» አለ። «እኔም እንዲያው እጽፋለሁ። ፍርዱ ግን የኔ አይደለም። ሠልስቱ እስኪወጣ ቤቷ ትቆይ። ኀሙስ ከሰዓት ደብረ ታቦር እወስዳታለሁ።»

ካሣሁን ቅጹን ዘረጋና ብዕሩን አወጣ። ወጣት ቢሆንም ክፉ ሰው አልነበረም።

«ፊታውራሪ» አለ፣ «የዘንድሮውን ደብዳቤ ይፈርማሉ? ልጅቱ ቢያንስ አባቷ...» አልጨረሰውም።

ፊታውራሪ ወረቀቱን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። «ይህን ሥራ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ባለመገኘቱ» ብለው አነበቡ። ስምንት ዓመት ውሸቱን ሳያመነቱ ፈርመው፣ ዓረፍተ ነገሩ እውነት በሆነ ዕለት መልሰው አነበቡት። ፈንታ ወረቀቱን ያዘላቸውና ፈረሙ። ካሣሁንም ከሥሩ «ተተኪ አልተገኘም» ብሎ ጽፎ ማኅተሙን አሳረፈበት።

በላይነህ በዘጠኝ ሰዓት ተቀበረ። ጂኖ ከቃሬዛው ሥር አልወጣም፤ ማንም እሱን ፈረንጅ ብሎ ያየው የለም።

ኀሙስ ከሰዓት ደምሌ ታደለችን በቅሎ ላይ አስቀምጦ ወጣ። አንገቷ ላይ ገና ቅቤ ያልነካው አዲስ ክር ነበር፤ የንስሐ አባቷ ጠዋት ያሰሩላት ነው። ዓለምጸሐይን አያቷ ጭን ላይ አስተኝታ መጥታለች። ልጅቱ ስትነቃ ምን እንደሚሏት አልጠየቀችም፣ ደምሌም አልነገራትም። ከገበያው ዳር ሲደርሱ ከኋላቸው የወፍጮው ሞተር ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሣ። አንድ ጊዜ ሳለ። ሁለት ጊዜ ሳለ። በሦስተኛው ያዘ።

ታደለች በቅሎዋን አቆመች።

«ሙሴ ነው» አለች። ጥቂት አዳመጠች። «በላይነህ ቢሆን በአንድ ጊዜ ነበር የሚይዝ።»

ደምሌ ልጓሙን ይዞ፣ እስኪበቃት ድረስ አብሯት ቆመ።